ለራስ መራራትና የጽሞና ጊዜ

ሰው በቀን ውስጥ ከሌሎች ጋር ከሚነጋገረው ይልቅ ከራሱ ጋር የሚነጋገረው ይበዛል። ይህ ንግግር ድምፅ ስለሌለው ማንም አይሰማውም፤ ባለቤቱም ቢሆን ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠቀም ልብ ብሎ የሚያዳምጠው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠው ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ይገለጥለታል። ጓደኛው ፈተና ወድቆ ሲያለቅስ «አይዞህ፣ ለሚቀጥለው ትበረታለህ» ብሎ የሚያጽናና ልጅ፣ እርሱ ራሱ የወደቀ ዕለት «ድሮስ ከአንተ ምን ይጠበቃል» እያለ ራሱን ሲሰድብ ያመሻል። የጎረቤቷ ልጅ ሲታመም «አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ሕመም ለሰው የመጣ ነው» የምትል እናት፣ የራሷ ልጅ በታመመ ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ ስትደረድር ታድራለች። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። ስለ እንጀራው ነገር አበው ሳይታዘቡ የተናገሩት አይመስልም፤ ርኅራኄን በተመለከተ ግን አብዛኞቻችን ለራሳችን የምንቆርሰው ከሁሉም ያነሰውን ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ860,000 የሚበልጡ ወጣቶች ያን ሰሞን «አልተሳካልህም፣ አልተሳካልሽም» የሚል ውጤት ደረሳቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር የአንድ ልጅ ስንፍና የሚያመጣው አይደለም፤ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተከማቸ የትምህርት ጉድለት ውጤት ነው። በየቤቱ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ልጅ ግን ይህን አያስብም። የብዙዎችን ዕጣ የብቻው ውርደት አድርጎ ይወስደዋል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ የጎደለው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ራሱን የሚያነጋግርበት ቃል ቀጣዩን ዓመት ይወስናል። ተነሥቶ መጽሐፉን ይገልጣል ወይስ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል የሚለው በአብዛኛው በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለራስ መራራት የሚባለው እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለወዳጅ የሚነገረውን ቃል ለራስም መናገር ነው። ብዙዎች ቃሉን ሲሰሙ ይጠራጠሩታል። ልጅን ማሞላቀቅ እንደሚያበላሸው ሁሉ ራስንም ማሞላቀቅ ሰነፍ ያደርጋል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከከንቱ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ራሱን የሚያሞላቅቅ ሰው «ጥፋት የለብኝም» ይላል። ለራሱ የሚራራ ሰው «አጥፍቻለሁ፤ ቢሆንም የምጣል ሰው አይደለሁም» ይላል። በቴክሳስ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪ የሆነችው ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመቻቸው ጽሑፎች ይህን ጠባይ በሦስት ነገሮች ገልጻዋለች፤ ይኸውም ራስን በደግነት መያዝ፣ መሳሳትና መቸገር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ፣ እንዲሁም የደረሰውን ነገር ሳያጋንኑም ሳይሸሽጉም እንዳለ ማየት ነው። ከሦስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው ይመስላል። የተናደደ ወይም ያፈረ ልቡና እንደ ደፈረሰ ውሃ ነው፤ ሥሩ አይታይም። የደፈረሰ ውሃ እንዲጠራ ደግሞ ማንም አያማስለውም፤ እስኪረጋ ይተወዋል። ጸጥታ ያለበት ስፍራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጸጥታ ያለበት የተፈጥሮ ስፍራ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ምንጭና ለምለም መስክ ነው። ስለዚህም በደረቅ አገር ወይም በተጨናነቀ ከተማ የሚኖር ተማሪ «ይህ ለእኔ አልተጻፈም» ሊል ይችላል። እንደዚያ አለመሆኑን ለማሳየት ከለምለሙ አገር ይልቅ ደረቁን፣ ጦርነት ካልነካው ከተማ ይልቅ ጦርነት ያፈረሰውን መምረጥ ይሻላል። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ የምትገኘው የሐርጌሳ ከተማ ለዚህ ተስማሚ ምሳሌ ናት።

ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ያወጀችው የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምድር ላይ ስለተቆረቆረች እንደ በርበራ ወደብ በሙቀት አትቃጠልም፤ ሌሊቷም ቀዝቃዛ ነው። ዙሪያዋን የከበባት ግን ደረቅ ምድር ነው፤ ግራር፣ ሬት፣ ቁልቋል፣ ድንጋይና አሸዋ። ሶማሌዎች ዓመቱን በዝናቡ ይከፍሉታል። ጉ የሚባለው ዋናው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ይዘንባል፤ ደይር የተባለው አጭሩ ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ገደማ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰውም ከብትም የሚፈተንበት ጂላል የተባለው ረጅም ደረቅ ወቅት ይከተላል። የጅግጅጋ ወይም የደገሃቡር ተማሪ ይህ ሁሉ ከቤቱ ደጃፍ የሚያውቀው ነው።

ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ማሮዲ ጄሕ የተባለ ወንዝ አለ። ማሮዲ በሶማልኛ ዝሆን ማለት ነው። ወንዝ የተባለው ነገር ግን ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት ሰፊ የአሸዋ መንገድ በመሆኑ ከአባይና ከአዋሽ አገር የሄደ እንግዳ መጀመሪያ ሲያየው ይስቃል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞላና ድልድዩን ያስፈራራል። ሶማሌዎች እንዲህ ያለውን ወንዝ ቶግ ይሉታል። ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ ናሳ ሀብሎድ የተባሉ ሁለት መንትያ ኮረብቶች ከሜዳው መካከል ብቻቸውን ተነሥተው ይታያሉ። የሐርጌሳ ሰው ከከተማው ጩኸት መለየት ሲፈልግ ያለው የተፈጥሮ ስፍራ በአብዛኛው ይኸው ነው። አንድ የአሸዋ ወንዝ፣ ሁለት ኮረብቶች፣ አልፎ አልፎ የግራር ጥላ።

ይህም ቢሆን በነፃ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በግንቦት ወር መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማይቱ በገቡ ጊዜ የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። ከአውሮፕላኖቹ አንዳንዶቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከነዚህ ሚግ አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ በከተማይቱ ዋና መንገድ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ሆኖ ተሰቅሏል። የከተማይቱ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በሶማሌ ክልል የነበረው የሐርትሼክ መጠለያ ከ200,000 በላይ ስደተኞችን በማስፈሩ በዘመኑ በዓለም ካሉት ታላላቅ መጠለያዎች አንዱ ነበር። የተዘጋው የመጨረሻዎቹ ስደተኞች ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ተመላሾቹ የጠበቃቸው ጣራ የሌለው ግድግዳና ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ነበር። ፈንጂው በሜዳው ብቻ ሳይወሰን በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ጭምር ተቀብሮ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ወደ ኮረብታው ወጥቶ ብቻን መቀመጥ አንድ እግር ወይም አንድ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ድፍረት ነበር። ሃሎ ትረስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሶማሌላንድ ፈንጂ ሲያመክን ኖሯል፤ ከዚያም በፊት በሥራው ላይ የተሠማሩ ሌሎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ በሐርጌሳ ዳርቻ በእርጋታ የሚንሸራሸር ሰው የሚረግጠው መሬት ስንዝር በስንዝር ተፈትሾ የተመለሰለት ነው። ስለ ተፈጥሮ ጸጥታ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ጸጥታውን እንደ አየር ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር አድርገው መቁጠራቸው ትክክል አለመሆኑን ይህች ከተማ ታስተምራለች።

መሬቱ ከፈንጂ ከጠራም በኋላ የሰው ልቡና ወዲያው አይጠራም። ከጦርነትና ከስደት የተረፈ ሰው በየትም አገር አንድ ጥያቄ ይከታተለዋል፤ «እነርሱ ሲሞቱ እኔ ለምን ተረፍሁ?» የሚል። ጥያቄው መልስ ስለሌለው ወደ ራስ ወቀሳ ይለወጣል፤ «ልጁን ይዤው በሮጥሁ ኖሮ፣ እናቴን ጥያት ባልሄድሁ ኖሮ» ያሰኛል። ሰዎች ከዚህ ድምፅ ለማምለጥ የተለያየ መንገድ ይፈልጋሉ። በሐርጌሳ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ጊዜ ነው፤ ጫቱም በየቀኑ ከሐረርጌ ደጋ፣ ከአወዳይ ገበያ እየተጫነ የሚሄድ ነው። የጫቱ ሸንጎ ጨዋታና ወዳጅነት እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ የውስጡን ድምፅ ያስረሳል እንጂ አያስታርቅም፤ ምሽት ሲመጣና ምርቃናው ሲያልፍ ወቀሳው የበለጠ ጮሆ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመና በዚያችው ከተማ የተካሄደ ጥናት ከመጠን ያለፈ የጫት አጠቃቀም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ጉዳዩ የእኛም የኢትዮጵያውያን መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አብቃዩ የእኛ ገበሬ ነው፣ ቃሚውም በየከተማችን ሞልቷል።

አሁን ከጫቱ ቤት ይልቅ ወደ ቶጉ ዳር የሄደውን ሰው እንመልከት። ሰዓቱ አሥር ተኩል ገደማ ነው፤ የፀሐይዋ ግለት በርዷል። በአሸዋው ላይ ፍየሎች እየተግተለተሉ ያልፋሉ። ነፋስ የግራሩን ቅርንጫፍ ያወዛውዛል። ከሩቅ የአንድ ግመል ነጂ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሰው ከዚህ ሁሉ አንዱም ነገር ምንም አይጠይቀውም። ፍየሏ ስንት ነጥብ እንዳመጣ አታውቅም፤ ኮረብታው ሥራ አግኝቶ እንደሆነ አይጠይቀውም። ለሌሎች ሰዎች መልስ ሲሰጥ፣ ፊቱን ሲያስተካክል የዋለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማይመዝነው ስፍራ ላይ ተቀምጧል። የውስጥ ወቀሳ ኃይል የሚያገኘው ሁልጊዜ እንደሚታዩና እንደሚመዘኑ ከማሰብ ስለሆነ፣ ተመልካች በሌለበት ስፍራ ቀስ በቀስ ይደክማል።

ጊዜ ያለውና መኪና ያገኘ ሰው ደግሞ በበርበራ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላስ ጌል ይደርሳል። ስሙ የግመሎች የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። በሁለት ደረቅ ወንዞች መገናኛ አጠገብ ባለው የአለት ጉብታ ሥር፣ ባለብዙ ቀለም የላሞችና የሰዎች ሥዕሎች ይገኛሉ። ላሞቹ አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ነው፤ ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ዣቪየር ጉተርዝ በተባለ ሊቅ የሚመራ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ለውጪው ዓለም አስታወቀው እንጂ የአካባቢው እረኞች ቦታውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ሥዕሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ አላቸው። እዚያ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው አንድ ዓመት የባከነበት ወይም አንድ ፈተና የወደቀበት ከሆነ፣ ያ ዓመት ከእነዚያ ላሞች ዕድሜ ጋር ሲተያይ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ይህ ችግሩን ማቃለል አይደለም፤ ችግሩን በትክክለኛ ልኩ ማየት ነው።

ይህ ዓይነቱ ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ ሊቃውንት ለማስረዳት ሞክረዋል። በሚሺጋን ዩኒቨርስቲ ያስተማሩት ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት መጽሐፍ የሰው ትኩረት ሁለት ዓይነት መሆኑን ገልጸዋል። አንደኛው በግድ የሚያዝ ነው፤ ሒሳብ ስንሠራ፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ ስንሻገር፣ ሰው ሲገስጸን የምንጠቀምበት ሲሆን እንደ ጡንቻ ይደክማል። ሁለተኛው ሳንታገል በራሱ የሚመጣ ነው፤ የደመና እንቅስቃሴ፣ የእሳት ነበልባል፣ የቅጠል መወዛወዝ ዓይናችንን ይስበዋል እንጂ አያስገድደውም። ሁለተኛው በሚሠራበት ጊዜ የመጀመሪያው ያርፋል። የደከመ ትኩረት ደግሞ ቁጡ ነው፤ በሌሎችም በራስም ላይ። ብዙ ሰው ክፉ ቃል ለራሱ የሚናገረው ማታ ደክሞት ሲተኛ መሆኑ ድንገት የሆነ ነገር አይደለም።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። ግማሾቹ የተኙት በመስኮት ዛፍ በሚታይበት ክፍል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ በሚታይበት ክፍል ነበር። ዛፍ ያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ግሬጎሪ ብራትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከፊሎቹ ሰዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ አጠገብ ሣርና አልፎ አልፎ ዛፍ ባለበት ገላጣ ምድር፣ ከፊሎቹ ተሽከርካሪ በሚበዛበት ትልቅ መንገድ ዳር ለ90 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ። በገላጣው ምድር የሄዱት ስለ ራሳቸው የሚያብሰለስሉት ክፉ ሐሳብ ቀነሰ፤ ከዚህ ዓይነቱ ማብሰልሰል ጋር የተያያዘው የአንጎላቸው ክፍል እንቅስቃሴም ቀነሰ። በመንገዱ ዳር የሄዱት ላይ ይህ ለውጥ አልታየም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ ምድር ጥቅጥቅ ያለ ደን አልነበረም፤ ከናሳ ሀብሎድ ሜዳ ጋር ሩቅ ዝምድና ያለው ቦታ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ሁሉ በአዲስ ስም የመጣ አሮጌ ዕውቀት ነው። «ጽሞና» የሚለው ቃል ራሱ ዝምታን ብቻ አያመለክትም፤ ልቡናን ሰብስቦ በእርጋታ ማዳመጥን ጭምር ይይዛል። ሱባዔ የሚገባ ክርስቲያን ከሰው ይርቃል። ነቢዩ ሙሐመድም ከመካ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ይቀመጡ እንደነበር በእስልምና ታሪክ የታወቀ ነው። በጎጃምና በጎንደር የሚጓዝ ሰው በታረሰው ገላጣ መሬት መካከል እንደ ደሴት ተነጥለው የሚታዩ የዛፍ ክምሮችን ያያል፤ ከነዚህ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 እንዲህ ያሉ ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ደኖቹ የተረፉት ለእንጨትነታቸው ተፈልገው ሳይሆን ስፍራው የሚከበርና ዝም የሚባልበት በመሆኑ ነው። አንድ ምእመን ከቅዳሴ በፊት ከጥዱ ሥር ተቀምጦ የሚያሳልፈውን ሩብ ሰዓት ማንም ጥናት ብሎ አልጠራውም፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ነገሩን ሊሞክር የሚፈልግ ተማሪ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚሆን ጊዜ፣ ቢቻል በየቀኑ በአንድ ሰዓት፤ ከመኖሪያው የማይርቅ አንድ ቦታ፤ የተዘጋ ስልክ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጽሞናው የለም። ቦታው ታላቅ ውበት ያለው መሆን የለበትም፤ ለአዲስ አበባ ልጅ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም የእንጦጦ ዳገት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው የትምህርት ቤቱ ግቢ የባሕር ዛፍ ጥላ ይበቃል። በቆላ አገር ደረቅ ወንዝ የሚመርጥ ሰው ግን ዳሩ ላይ ይቀመጥ እንጂ በመካከሉ አይቀመጥ፤ በላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ እርሱ ባለበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስበት ይችላል። ቶግ በየዓመቱ ሰውና ከብት የሚወስደው በዚህ ዓይነት ነው።

ለሴት ልጅ ብቻዋን ወደ ሜዳ መውጣት በሐርጌሳም ሆነ በብዙው የአገራችን ክፍል የማይቻልበት ጊዜ አለ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ የምታገኘው መንገድ እንኳ የሥራ መንገድ ነው። ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች ይህን ዘንግተው ሲናገሩ መስማት ያሳዝናል። ቢሆንም በግቢ ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ፣ በንጋት ገና ቤተሰቡ ሳይነሣ የሚታይ ሰማይ፣ ከጓደኛ ጋር ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን መቀመጥም ሥራውን ይሠራል። ዋናው ነገር ለጥቂት ጊዜ ማንም የማይጠራት መሆኑ ነው፤ ይህን የማክበር ግዴታ የቤተሰቡ፣ በተለይም የወንድሞቿ ነው።

ከተቀመጡ በኋላስ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ምንም። ዓይን ወደሚስበው ነገር ይሂድ፤ ጉንዳኖች ይታዩ፤ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ይስተዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸጥታው ራሱ ያስጨንቃል፤ በሥራ ብዛት ተሸፍኖ የነበረው ወቀሳ በዚህ ጊዜ ብቅ ይላል። «ደደብ ነህ» ይላል። ይህን ድምፅ መከራከር አያስፈልግም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ማቅረብ ይበቃል፤ «ይህን ቃል ለታናሽ ወንድሜ እናገረው ነበርን?» ሶማሌዎች ሲገናኙ «ማ ናባድ ባ?» ብለው ይጠያየቃሉ፤ «ሰላም ነው ወይ?» ማለት ነው፤ መልሱም «ናባድ» ነው። እኛም መንገድ ላይ ላገኘነው ለማናውቀው ሰው ሳይቀር «ደኅና ዋልህ ወይ?» እንላለን። ለማያውቁት መንገደኛ የማይነፈገው ይህ ጥያቄ ለራስ ቢቀርብ ከሰላምታ ወግ የወጣ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ስድቡና እውነቱ መለያየት ይጀምራሉ። «ደደብ ነኝ» የሚለው ስድብ ነው፤ ምንም ሊደረግበት አይቻልም። «የፊዚክስ ትምህርቴን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አልተረዳሁትም» የሚለው ግን እውነት ነው፤ መምህር ሊጠየቅበት፣ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ተመልሶ ሊነበብበት ይቻላል። «እናቴን ጥያት ሄድሁ» የሚለው ስደተኛም በጊዜ ብዛት «የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ቦምብ ይወርድ ነበር፤ ሮጥሁ» ወደሚለው ሊደርስ ይችላል። ኀዘኑ አይጠፋም፤ ወቀሳው ግን የነበረውን ቦታ ለኀዘኑ ይለቃል። ኀዘን ደግሞ ከወቀሳ ይልቅ ከሰው ጋር ሊካፈሉት የሚቻል ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ወደ ዛፍ ጥላ ሳይሆን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ ሥራ የቆመ ነው፤ በክልል ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥባቸው ክፍሎች አሉ። የታመመው ሰው ብቻውን ለመሄድ የሚያፍር ከሆነ የቅርብ ወዳጁ አብሮት ይሂድ፤ ወረፋ በሚጠብቁበት ጊዜም ከግቢው ዛፍ ሥር አብሮት ይቀመጥ።